ስድስት መቶ ጎማ በቲጉማን ገደል

ጎማ ሰው ገደለ ተባለ።

ወሬው ኦንሲያ ጆሮ ሲደርስ፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብላ የአንድ ሞተር ብስክሌት ከመነዳሪ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየደፈቀች ቀዳዳውን ስትፈልግ ነበር። ያመጣችው ዓሣ ሻጯ ቱያ ናት። ቱያ ወሬ ስትይዝ ቅርጫቷን ከራሷ ላይ እንኳን አታወርድም፤ የዓሣው ውሃ በጆሮዋ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የምትዘረግፈው።

“ሰማሽ ማናንግ? የዲዮሚንግን ልጅ የገደላት የአንቺ ጎማ ነው እየተባለ ነው።”

“ማነው ያለው?”

“ማን ያላለ አለ ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ!”

ኦንሲያ ክው አለች። ከመነዳሪው ከእጇ አምልጦ ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ፤ እሷ እዚያው ደርቃ ቀረች። ቱያ ራሷ ደነገጠች።

ኦንሲያ ከተራራው እስከ ባሕር ዳርቻው ከተማ ድረስ ያለች ብቸኛ ሴት ጎሚስታ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ስትነቅል፣ ስትለጥፍ፣ ስትነፋ ኖራለች። ክንዷ የወንድ ክንድ ነው፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁረት ለገና በዓል እንኳን አይለቅም። ዕድሜዋ ስልሳን ሊነካ ስለሆነ ትንሽ ትልቁ ማናንግ ይላታል፤ ታላቅ እህት እንደ ማለት። ምላሷ ግን የታላቅ እህት አይደለም። ጎማህን ይዘህ ከመጣህ መጀመሪያ የምትነፋው አንተን ነው። “አንተ ደንቆሮ! በዚህ ሙልጭ ብሎ ባለቀ ጎማ ሚስትህን አፈናጠህ ትሄዳለህ? ሌላ ለማግባት ቸኩለሃል እንዴ?” ትልሃለች። ትሰድብሃለች፣ ትሠራልሃለች፣ ከዚያ ሩዝና የደረቀ ዓሣ አቅርባ “ብላ!” ብላ ትቆጣሃለች።

ሥራውን ያስተማራት ባሏ ታቲንግ ነው። ታቲንግን የበላው ደግሞ ኩርባው ነው።

ከመንደሯ ከቲጉማን ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከመንደሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ወረድ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ይታጠፋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ኩርባ ይናዳል፤ መኪና ይቆማል፣ ቲጉማንም እስከ በጋ ታስራ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ የሲሚንቶ ድጋፍ ግንብ ተሠራለት። የመጀመሪያው ሪባኑ የተቆረጠበት መቀስ ሳይዝግ ተናደ። ሁለተኛው ሁለት ክረምት ቆየና እንዳለ፣ ቁልቁል፣ ከነተጻፈበት የባለሥልጣን ስም ወንዝ ገባ። ታቲንግ ትርፍ አንጀቱ ሲያመው ወንዶቹ በቀርከሃ ላይ ባንጠለጠሉት መረብ ተሸክመውት ወረዱ። ኩርባው ላይ ጭቃው እስከ ወገብ ደረሰ። ወዲያ ማዶ መኪና ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ፣ ወዲህ ማዶ ታቲንግ ሞተ። በመሐል ያለው ርቀት ከአንድ ቤት እስከ ጎረቤት ያህል ነበር።

ኦንሲያ ያን ቀን አላለቀሰችም። “ይቺን ኩርባ ሳልሠራት አልሞትም” አለች። ሰው በሐዘን የሚባል ነገር ነው ብሎ ተወው።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ መሐንዲስ መጥቶ በቀበሌው አዳራሽ ንግግር አደረገ። የሲሚንቶ ግንብ ከኋላው ውሃ ሲጠራቀምበት ይፈነዳል፤ አሮጌ ጎማ ግን አፈርና ጠጠር ታጭቆበት እንደ ጡብ ግማሽ ለግማሽ ቢደረደር፣ ውሃውን እያሳለፈ፣ ተራራው ሲገፋው ትንሽ እየለመጠ ይቆማል አለ። ሰው ሳቀ። የቀበሌው ሹም ካፒታን ሩፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“ምን ያስገለፍጥሃል?” አለችው ኦንሲያ ከኋላ ተነስታ። “እሱ መንገድ ያውቃል፣ እኔ ጎማ አውቃለሁ። አንተ ምን ታውቃለህ?”

“እሺ ማናንግ፣ ጎማውስ ከየት ይመጣል?”

“ከኔ! ዓለም ሁሉ ጎማ የሚጥለው እኔ ደጅ አይደል?”

እውነቷን ነበር። ከተማ ወርዳ ከእያንዳንዱ ጎሚስታ ለመነች፣ ተሳደበች፣ ጎተተች። እያንዳንዱ ቤት በበኩሉ አሥር አሥር ጎማ ተሸክሞ አመጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደቦ ሆነ፤ ወንዱ በመዶሻ አፈር ይጠቀጥቃል፣ ሴቱ ጠጠር ያመላልሳል። መሠረቱ ሲጣል በአገሩ ልማድ ነጭ አውራ ዶሮ ታርዶ ደሙ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ፈሰሰ፤ መሬቱ በኋላ የሰው ደም እንዳይጠይቅ ነው። ዶሮውን የሰጠችው ኦንሲያ ናት። ቱያ ዶሮውን አይታ “ይኼ ከሲታ እንኳን ለመሬት ለድመት አይበቃም” ብላ አሳቀችባት።

ኦንሲያ አንድ ሥራ ግን ለማንም አልሰጠችም። ከከተማ እየመጣች ሕፃናት የምትከትበው ነርስ ጄርሊን “ማናንግ፣ የቆመ ጎማ ውሃ ያቁራል፣ ውሃ ካቆረ ቢምቢ ይፈለፈልበታል፣ እነዚያ ቢምቢዎች ደንጊ የሚባለውን ገዳይ ትኩሳት ያመጣሉ” ብላት ነበር። ስለዚህ ገደሉ አጠገብ የተከመረውን ጎማ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በጋለ ብረት አራት አራት ቦታ በሳችው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጎማ። መዳፏ ተልጦ ሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሠራች። ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግንቡ ሊያልቅ ሦስት ረድፍ ቀረው።

ልክ በዚያ ሰሞን የዲዮሚንግ ልጅ ሉዌላ አተኮሳት።

ዲዮሚንግ የኦንሲያ የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ያቺን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ይዞ የቀረ። የሁለቱ ቤት ጣሪያ ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ሦስት ቀን ልጅቷ እንደ እሳት ነደደች። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ዲዮሚንግ ደስ ብሎት ዶሮ አረደ፤ ለኦንሲያም በጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ይዞላት መጣ። “ዳነችልኝ ማናንግ” አላት። ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ለካ ደንጊ የሚገድለው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው! ማን ያውቃል ይኼን? በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ አፍንጫ ደማ፤ ከዚያ ድዷ። ተሸክመዋት ሮጡ። ኩርባው ላይ ደረሱ፤ ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ባላለቀው በኩል አፈሩን ንዶ መኪናውን ማዶ አስቀርቶታል። በጭቃ ሲሻገሩ ብዙ ጊዜ ጠፋ። ሐኪሙ አይቷት “ትናንት ብትመጡ” አለ። ሞተች።

እንግዲህ ቱያ ወሬውን ያመጣችው ልጅቷ በተቀበረች በሰባተኛው ቀን ነው። የመንደሩ ሰው በየምሽቱ ዲዮሚንግ ቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ያወራል፤ በአገሩ ልማድ ለቅሶ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ነው። ኦንሲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጓዳ ገብታ ሙዝ ስትጠብስ፣ ሰሃን ስታጥብ ነበር። ለካ እሷ ጓዳ ሆና በሳሎኑ የሚወራው ይኼ ነው! ጎማው ቢምቢ አመጣ። መንገዱ ደም ጠየቀ። ከሲታ ዶሮ ሰጥታ መሬቱን አስቆጣችው።

ተነስታ ወደ ዲዮሚንግ ቤት ገባች። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር።

“አንተም ትላለህ እንዴ ዲዮሚንግ?”

ቀና ብሎ አላያትም። “ጎማው ይቃጠላል” አለ። “በዘጠነኛው ቀን ከጸሎቱ በኋላ። ለካፒታን ነግሬዋለሁ።”

“ግንቡን? ሦስት ረድፍ ሲቀረው? ልጅህን ያዘገያት ኩርባው አይደለም እንዴ? ነገ የሌላውን ልጅ በምን ልታወርዱ ነው?”

“ይቃጠላል አልኩ እኮ ማናንግ!”

በሕይወቱ ጮሆ የማያውቅ ሰው ጮኸ። ኦንሲያ ከዚያ ቤት ወጣች። ጎማ እንዴት እንደሚቃጠል ታውቃለች። አንዴ ከያዘ ሳምንት ይነዳል፣ የሚያጠፋው የለም፤ ግንቡ ቀልጦ ወንዝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም በቲጉማን አንድ ጎማ አያነሳላትም። ኩርባዋ አበቃላት።

በማግስቱ ለነርሷ ላከችባት። ጄርሊን በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ እስከ ጉልበት ጭቃ ሆና በእግሯ ደረሰች። ባትሪና አንዲት የመስታወት ብልቃጥ ይዛለች። መጀመሪያ ኩርባው ላይ ሄዱ። ነርሷ ገና ያልተደረደሩትን ጎማዎች አንድ በአንድ እጇን እያስገባች ዳበሰች። ደረቅ። ባትሪ አበራችበት። ደረቅ።

“ማናንግ፣ እዚህ እንኳን ቢምቢ ጉንዳን አልተረፈም” አለች። “ደግሞም ይኼ ቢምቢ ሩቅ አይበርም። የሚነክሰው በቀን ነው፣ የሚነክሰውም የተወለደበት ቤት አካባቢ ነው። ከዚህ ተነስቶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሄዶ ልጅ አይነክስም።”

“በይ ይኼን ለነሱ ንገሪልኝ!”

“እነግራቸዋለሁ፤ ግን ‘ታዲያ ከየት መጣ?’ ቢሉኝ መልስ ያስፈልገኛል። ሰፈሩን እንይ።”

ተመልሰው የዲዮሚንግንና የኦንሲያን ግቢ አገላበጡ። የአበባ ማሰሮ፣ የኮኮናት ቅርፊት፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ። ምንም የለም። ሰዉ ቤት ውስጥ የመጨረሻውን ጸሎት እያደረሰ ነበር፤ ድምፁ ይሰማል። ጄርሊን ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

“ማናንግ፣ ጣሪያዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“የቱ? ምንም የለም።”

“እነዚያ ክቦቹ።”

“እነሱማ ክብደት ናቸው። አውሎ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይወስደው።”

ነርሷ ዘወር ብላ አየቻት። “ጎማ አይደሉም እንዴ?”

እስካሁን እኔም አልነገርኳችሁም፤ ልደብቅ ብዬ አይደለም። በቲጉማን ጣሪያ ላይ ያለ ጎማ አይታይም፤ እንደ ጣሪያው ራሱ ነው። አርባ ምናምን ቤት አለ፣ አራት አምስት ጎማ ያልተጫነበት ቆርቆሮ የለም። ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ የመንደሩን ጣሪያ ግማሹን ወንዝ ከጨመረው ወዲህ እንዲህ ሆነ። ያለቁትን ጎማዎች በነጻ ያደለችው ማን መሰላችሁ? ኦንሲያ! ባል ለሌላት፣ አቅም ላነሰው፣ ራሷ መሰላል ወጥታ በገመድ እየሳበች ጭናለች። አንዱም ላይ ቀዳዳ አልበሳችም። የመንገዱ ጎማ ጎማ ነው፤ የጣሪያው ክብደት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ደርሶባት አረፈ።

መሰላሏን አምጥታ ወጣች፣ ነርሷም ከኋላዋ። በመጀመሪያው ጎማ ውስጥ ቡና የመሰለ ውሃ አለ። ጄርሊን ባትሪውን አበራች። ውሃው ተንቀሳቀሰ። ትንንሽ ጥቁር ትሎች፣ ሺህ ይሆናሉ፣ ከብርሃኑ ሸሽተው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ።

“ኢየሱስ ማርያም!” አለች ኦንሲያ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው፣ አራተኛው።

ከዚያ ቀና አለችና የዲዮሚንግን ጣሪያ አየች። ለመሻገር አንድ እርምጃ ነው። አምስት ጎማ አለው። ራሷ ናት የሰጠችው፤ ሉዌላ በተወለደች በወሩ፣ ሕፃኗ ዝናብ እንዳይወርድባት ብላ፣ “የክርስትና ስጦታዬ ነው” እያለች እየሳቀች ነበር ያወጣችው። ተሻገረች። አራቱ ጎማ ሙሉ ነው፣ እንደሷው፣ በትል የተሞላ። አምስተኛው ግን ባዶ ነው። ከመስኮቱ በላይ፣ ከልጅቷ መኝታ በላይ ያለው። ተገልብጧል። ቀድሞ የነበረበት ቦታ ቆርቆሮው ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ክብ የወረደው ጥቁር ዝቃጭ ቁልቁል ፈስሶ ደርቋል።

“ንፋስ ገልብጦት ይሆናል” አለች ጄርሊን።

ኦንሲያ ጎንበስ ብላ ጎማውን ዳበሰች። የከባድ መኪና ጎማ ነው፤ ያን ንፋስ አይገለብጠውም። ደግሞ ዝቃጩ ላይ የባዶ እግር ዱካ ታትሞ ደርቋል፣ የግራ እግር፣ አውራ ጣት የሌለው። በቲጉማን አውራ ጣቱን አገዳ ሲቆርጥ የጣለ ሰው አንድ ነው።

አይቷል። ዲዮሚንግ ወጥቶ አይቷል። አይቶ ገልብጦ፣ ወርዶ፣ ሰባት ስምንት ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሰው እሷን ሲያማ ሰምቷል። “ጎማው ይቃጠላል” ያላት ይኼን አይቶ ነው።

ከታች ጸሎቱ አለቀ። በሩ ተከፈተና ሰዉ ወጣ። ዲዮሚንግ ከፊት፣ ቢጫ ጀሪካን በእጁ ይዞ፤ ካፒታን ሩፎና ሌላው ሁሉ ከኋላው። ማንም ቀና ብሎ ጣሪያ አላየም። ወደ ኩርባው አመሩ።

“ማናንግ! ቶሎ ወርደን እንንገራቸው!” አለች ነርሷ፤ ከአንዱ ጎማ ብልቃጧን ሞልታለች። “ከግንቡ አይደለም፣ ከገዛ ጣሪያው ነው! እርስዎ ነጻ ወጡ እኮ!”

“ዝም በይ!” አለቻት ኦንሲያ። “ይኼ ለአባት በሰው ፊት ይነገራል? አሳድጎ፣ ከራስጌዋ በላይ ሞቷን አስቀምጦ አስተኛት ተብሎ ይነገራል?”

“ታዲያ ግንቡ ይቃጠል?”

ኦንሲያ ብልቃጡን ከእጇ ነጠቀቻት። በዚያ ዕድሜዋ ከመሰላሉ ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለች ወረደችና ሮጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ያነሳ ክንድ አላት፤ እግሯ ግን የሯጭ አይደለም። ሁለት ጊዜ ወደቀች። እጇ ተላላጠ፤ ብልቃጡን ግን አልለቀቀችም።

ስትደርስ ዲዮሚንግ ላይኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ክዳኑን ከፍቷል፤ የላምባው ሽታ ይሰነፍጣል።

“ቁም!” አለች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

“ማናንግ፣ ይብቃሽ” አለ ካፒታን ሩፎ ላቡን እየጠረገ። “የሰው ሐዘን ነው። ጎማ ሌላ ጊዜ ይሰበሰባል።”

“ዶሮዋን ታምጣና እንወያይ!” አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

ኦንሲያ ብልቃጡን ከፍ አደረገች። “ኑ እዩ። እነዚህ ናቸው የገደሏት። ጠጋ በሉ፣ አትፍሩ፣ አይናከሱም፣ ገና እጭ ናቸው።”

ሰዉ ተጠጋ። ቱያ አይታ ወደ ኋላ ዘለለች። “ውይ! ይንቀሳቀሳል!”

“ይኸው እኮ!” አለ ካፒታን። “ከጎማው ነው ስንል!”

“ከጎማ ነው። ከዚህ ጎማ ግን አይደለም። የዚህን አንድ በአንድ በስቼዋለሁ፣ ነርሷ እጇን ከታ አይታዋለች፣ ጠብታ የለውም።” ብልቃጡን ወደ ደረቷ መለሰች። “ከእኔ ጣሪያ ነው። ቤቴ ላይ የጫንኩት። የዲዮሚንግ መስኮት ከእኔ ቆርቆሮ አንድ እርምጃ ነው። ያችን ልጅ የገደልኳት እኔ ነኝ። ማቃጠል ካማራችሁ የእኔን ቤት አቃጥሉ፤ ግንቡን ተዉት።”

ወንዙ ከታች ይሰማል። ያቺ ሁሉን የምትሰድብ፣ አጥፍታ እንኳን “አጠፋሁ” የማትል ሴት፣ በአደባባይ ልጅ ገደልኩ አለች። ቱያ ቅርጫቷን ከራሷ አወረደች። ከዚያ አንዲት እናት እየጮኸች መጣችና ከኦንሲያ እግር ሥር ምራቋን ተፋች።

“ዘጠኝ ቀን የለቅሶ ቤት ጓዳ ገብተሽ ሙዝ ስትጠብሺ አታፍሪም?”

“ልክ ነሽ” አለች ኦንሲያ።

“ባልሽን እዚህ ያስቀረብሽ እግዜር ምን እንደሆንሽ አውቆ ነው!”

ይኼኛው ወጋት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ ሁሉም አየ። ከቆመችበት ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሰዉ መነሳሳት ጀመረ፤ አንዱ “ከመንደር ትውጣ” አለ፣ ሌላው የጭቃ ጓል አነሳ።

“ውሸቷን ነው።”

ዲዮሚንግ ነው። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ መጀመሪያ የሰሙት የቀረቡት ብቻ ናቸው። “ውሸቷን ነው” አለ ደግሞ። “ከሷ አይደለም። ከእኔ ጣሪያ ነው። ከሉዌላ መኝታ በላይ ካለው።”

“ዲዮሚንግ፣ ተው” አለች ኦንሲያ።

“ሐኪሙ ‘ቤትህ አጠገብ ውሃ የሚያቁር ነገር አለ?’ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ከቀብር መልስ ጣሪያው ትዝ አለኝ፣ ወጣሁ።” ጀሪካኑ በእጁ አዘነበለ፤ ላምባው እግሩ ላይ እየፈሰሰ አላወቀውም። “አየኋቸው። ሲዋኙ አየኋቸው። ገለበጥኩት። ከዚያ እናንተ የግንቡ ጎማ ነው ስትሉ ዝም አልኩ። ይኼ ቢቃጠል ያም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ። ይኼው ነው።”

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። ማንም ግን ይኼን አላለውም። ጭቃ ያነሳው ሰው ጓሉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

“ጎማውን እዚያ ያወጣሁት እኔ ነኝ” አለች ኦንሲያ። “ስጦታ ብዬ።”

“አውቃለሁ ማናንግ። ለዚህ ነው ዓይንሽን ማየት ያቃተኝ።”

ያኔ ቱያ ዘወር ብላ ወደ መንደሩ አየች። ከኩርባው ላይ ሆነው ቀና ሲሉ ቲጉማን በሙሉ ይታያል፣ ተዳፋቱ ላይ የተደረደረ ቆርቆሮ ሁሉ። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ጥቁር ክቦች አሉ፤ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ቱያ የራሷን ቤት በዓይኗ ፈለገች። የልጅ ልጆቿ ከሰዓት በኋላ የሚተኙበትን ቤት።

“እናቴ ድረሽ” አለች፤ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች።

አንዱ ዘወር አለ፣ ሌላው ዘወር አለ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ምራቋን የተፋችው እናት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሯ ሮጠች። ካፒታን ሩፎ፣ ያ ቦርጫም፣ ከሁሉ ቀድሞ ሲሮጥ ታየ፤ አራት ልጆች አሉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከላይ የመሰላል ድምፅ፣ የቆርቆሮ መንቋቋት፣ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ነርሷ በመሐላቸው ሆና “አትድፉት ወደ ቤት! ወደ ውጪ! ወደ ውጪ!” እያለች ትጣራለች።

ኩርባው ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ኦንሲያ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጥታ ጀሪካኑን ከእጁ ወሰደችው፤ አልታገላትም። ክዳኑን ገጠመችና ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሁለቱም እዚያው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከእነሱ ሥር የታጨቀው አፈር ጠንካራ ነው፤ አይነቃነቅም።

ዲዮሚንግ ቀና ብሎ ወደ መንደሩ አየ።

“ማናንግ።”

“ወዬ።”

“ጣሪያዬ ላይ አራት ቀርተዋል። እኔ እዚያ መሰላል ላይ ሁለተኛ መውጣት አልችልም።”

“አወርድልሃለሁ” አለች።

“ዛሬ?”

“አሁን” አለች፤ ግን እጁን ይዛ ነበርና ወዲያው አልተነሳችም።